«ለልጄ ሙሉ ውክልና ሰጥቼዋለሁ፤ ይበቃል?»

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ ወፍጮ ቤት፣ የዱቄት ማከፋፈያና አንድ አይሱዙ አለኝ። ንግድ ፈቃዱ በእኔ ስም ነው። ዕድሜዬ 71 ደርሷል። ከባለቤቴ ከወለድኳቸው ሦስት ልጆች ሥራውን የሚያውቀው ሁለተኛው ነው። እኔ ባልፍ ሥራው እንዳይቆም ብዬ ሙሉ ውክልና ሰጥቼዋለሁ። ኑዛዜም ከባለቤቴ ጋር በአንድ ወረቀት ልንጽፍ ነው። የሚቀር ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ ብዙ።

መጀመሪያ ግን «ከባለቤቴ የወለድኳቸው» ያሉት ነገር ከነከነኝ። አባቴ፣ ሰው ሦስት ልጅ ብቻ ካለው «ሦስት ልጆች አሉኝ» ነው የሚለው። ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ ካለ በሕግ እኩል ወራሽ ነው። በኑዛዜው ስሙን መዝለል አይነቅለውም። ልጅን መንቀል የሚቻለው በግልጽ፣ ምክንያቱ ተጽፎ ነው። እሱም ቀላል አይደለም። ከሌለ ይቅርታ። ካለ ግን ለጠበቃዎ አይደብቁ፤ ለእኛ ያልተነገረን ልጅ ፍርድ ቤት ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ውክልናው። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይሄ ነው። ውክልና በመሠረቱ ወካዩ ሲሞት ይቀራል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2232)። የሚሆነውን ላሳይዎት። ሰልስቱ ሳያልፍ የስንዴ ነጋዴው ሒሳቡን ሊቀበል ይመጣል። ልጅዎ ውክልናውን ይዞ ባንክ ይሄዳል። የባንኩ ሠራተኛ መሞትዎን ከሰማ ሒሳቡን ያግደዋል፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃም አምጣ ይለዋል። ካልሰማ ደግሞ ይብሳል። ልጁ ብሩን ያወጣል፣ ለነጋዴው ይከፍላል፣ ለሠራተኞች ደመወዝ ይሰጣል። ከዓመት በኋላ እህቱ «አባቴ ከሞተ በኋላ የወጣውን ብር አስረዳ» ብላ ትከሰዋለች። ልጁ የሠራው ለቤቱ ነው፤ ደረሰኝ ግን የለውም። ደጋግሜ ያየሁት ጉዳይ ነው።

«ከሞትኩም በኋላ ይጽና የሚል ላስገባበት?» የሚሉኝ አሉ። ቢገባም ልጁን ባለቤት አያደርገውም። ውክልና የሌላ ሰው ንብረት ላይ የመሥራት ሥልጣን ብቻ ነው። ደግሞም «ሙሉ» ተባለ እንጂ ጠቅላላ ውክልና ከማስተዳደር አያልፍም፤ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠየቃል።

ታዲያ ምን ይሁን? በሕይወት ሳሉ ሥራውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አድርገው፣ ለልጅዎ ድርሻ ሰጥተው ሥራ አስኪያጅ ቢያደርጉት ይሻላል። አባል ሲሞት ድርሻው ለወራሾች ይተላለፋል፣ ወፍጮው ግን ይፈጫል። የንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ይህን ይፈቅዳል። የመመሥረቻ ጽሑፉን ግን ከጎረቤት ፎቶ ኮፒ እንዳያደርጉ! ድርሻ ለማን ይተላለፋል የሚለው አንቀጽ በእናንተ ቤት ልክ መጻፍ አለበት። የግብርና የዕዳ ጉዳይም አስቀድሞ ይጣራ።

ሥራው በትዳር ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የባለቤትዎ ነው። የእርስዎ ኑዛዜ የሚያዝዘው በቀሪው ላይ ብቻ ነው። ለማኅበሩም የእሷ ስምምነት ያስፈልጋል። ጠይቀዋታል? ደብዳቤው ላይ አላየሁም።

የጋብቻ ማስረጃ፣ የቤቱ ካርታ፣ የመኪናው ሊብሬ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የብድር ውልና የሁሉንም ልጆች የልደት ማስረጃ ይዛችሁ፣ ሁለታችሁም ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። እኔ ሰነዱን ሳላይ ከዚህ በላይ ብናገር ልክ አይሆንም።

ኑዛዜውን በአንድ ወረቀት እንዳትጽፉት። ባልና ሚስት በአንድ ሰነድ ላይ የተናዘዙት ፈራሽ ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 858)፤ ፍቅራችሁን ሕጉ አያይላችሁም። እርስዎ ለብቻ፣ እሷም ለብቻ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ መነበቡም በጽሑፉ ላይ ይገለጻል፣ ቀን ይጻፍበታል፣ ሁሉም ይፈርማሉ። ፈርማችሁት ከሆነም ይህ ሳምንት ሳያልፍ በሁለት ወረቀት አድሱት።