ሰይፍ ብዬ ተከራክሬ እስክሪብቶ ተሸለምኩ

የእህቴ ልጅ 11ኛ ክፍል ነው። ባለፈው እሁድ ቡና ላይ «ጋሼ፣ ትምህርት ቤት የክርክር ክበብ ገብቻለሁ፤ ወደፊት ፖለቲከኛ ለመሆን ይጠቅመኛል?» አለኝ። እናቱ «ፖለቲካ» የሚለውን ስትሰማ ገና ፊቷ ተለዋወጠ። እኔም «ይጠቅማል» ብዬ ወሬ ቀየርኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለእሱም፣ እንደሱ ለሚያስቡም ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ዘመኑ 1974 ነው፤ ደርግ በኤርትራ ሸማቂዎች ላይ የቀይ ኮከብ ዘመቻን የጀመረበት ዓመት። እኔ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ሁለተኛ ደረጃ እማራለሁ። የአማርኛ መምህራችን ክርክር አዘጋጁ። ርዕሱ ያው የሁልጊዜው ነው፣ «ብዕር ወይስ ሰይፍ?» በዚያ ዓመት ይህን ርዕስ የመረጡት ሳያስቡበት ይሁን በደንብ አስበውበት እስከዛሬ አላውቅም። ዕጣ ወጣ። ለእኔ ሰይፍ ደረሰኝ፤ ብዕር ደግሞ ለአንዲት የክፍላችን ልጅ።

ልጅቷ ዝምተኛ ነበረች። አባቷ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ ይጽፋሉ። እኔ ቀድሜ ወጣሁና አድዋን ጠራሁ፣ ቴዎድሮስን ጠራሁ፣ ትንሽም ፎከርኩ። ተጨበጨበልኝ። የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ካድሬም ፈገግ አለ። ከዚያ እሷ ወጣች። ድምጿን እንኳን ከፍ አላደረገችም። መጀመሪያ የእኔን ነጥቦች አንድ በአንድ፣ እኔ ራሴ ከተናገርኩት አሳምራ ደገመቻቸው። በቃ፣ ያኔ ነው ያበቃልኝ። ከዚያ ስለ አባቷ ደንበኞች አወራች፤ መሬቷን በጉልበት የተነጠቀች አንዲት ባልቴት በወረቀት እንዴት እንዳስመለሰች። አዳራሹ ጸጥ አለ። «በሰይፍ የተሸነፈ ሰው» አለች፣ «ጥሻ ገብቶ ያደፍጣል። በብዕር የተሸነፈ ሰው ግን...»

ካድሬው አሳለው። ምክትል ዳይሬክተሩ ብድግ ብለው «ሰዓት አልቋል» አሉ። ግማሹም አልሞላም ነበር። አሸናፊው ሰይፍ ተባለ። እኔ አንድ ደብተርና አንድ ቢክ እስክሪብቶ ተሸለምኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለቅሶ ቤት አገኘኋት። አዋላጅ ነርስ ሆናለች። ያቺን ዓረፍተ ነገር በምን ልትጨርሳት እንደነበር ጠየቅኋት። ሳቀችና «እኔ እንኳን ረስቼዋለሁ፤ አንተ ግን እስክሪብቶዬን መልስ» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ መድረክ ላይ ወጥታ አታውቅም። እኔ ዕድሜዬን በጥብቅና ስጨርስ እንደሷ የሚከራከር ሰው ጥቂት ነው ያየሁት። ይቆጨኛል፣ አሁንም።

አያቴም ሙግት ይወዱ ነበር። የራሳቸው ጉዳይ ባይኖራቸውም የሰው ሙግት ለመስማት ብቻ የገበያ ቀን ዛፍ ሥር ይውሉ ነበር። በድሮው የሙግት ሥርዓት፣ በበልሃ ልበልሃ፣ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ እየተወራረዱ መሟገት ነበር። አያቴ የሚያደንቁት ግን አፈ ጮሌውን አልነበረም። የባላጋራውን ቃል ሳያዛባ ደግሞ ከዚያ የሚመልሰውን ነበር።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። መድረክ ላይ መቆም፣ አለመንቀጥቀጥ፣ ሰዓት መጠበቅ፣ እነዚህን ክበቡ ያስተምራችኋል። ትልቁ ነገር ዕጣው ነው። የማታምኑበት ወገን ሲደርሳችሁ ደስ ይበላችሁ።

ደግሞ ክርክር ላይ ዳኛ አለ፣ ነጥብ ይሰጣል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፖለቲካ ላይ የረታኸው ሰው ነገም እዚያው ይጠብቅሃል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ወጣት ሳለ በሂዩስተን አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክርክር ያሰለጥን ነበር። በኋላ ሴኔት ውስጥ የገነነው ግን በንግግሩ አይደለም፤ ሰዉን ለብቻው ይዞ፣ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚፈራ አውቆ በማግባባቱ ነው። ይህን የትኛውም ክበብ አያስተምርም።

የዘንድሮ ልጆች ደግሞ «አፋጠጠው»፣ «ልክ ልኩን ነገረው» የሚል ቪዲዮ ስታዩ ነው የምታድሩት። ክርክር ማለት ሰው ማዋረድ መሰላችሁ። እኔም አያለሁ፣ አልዋሽም፤ አንዳንዴ እስከ እኩለ ሌሊት። ቢሆንም ከእኛ ትሻላላችሁ። እኛ ማስረጃ ጠይቀን አናውቅም፤ እናንተ «ምንጭህ ምንድነው?» ትላላችሁ።

በ1997፣ ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በፊት ገዢው ኢሕአዴግና ተቃዋሚዎቹ ቅንጅትና ኅብረት በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ቡና ቤቱ ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጥ ነበር። ሚኒስትርና ተቃዋሚ አንድ ጠረጴዛ ላይ! ይህች አገር ክርክር ታውቃለች ብዬ ነበር። ከዚያ የሆነውን ቤተሰቦቻችሁን ጠይቁ። ሰው ሞተ፣ ከተከራካሪዎቹም የታሰሩ አሉ። በ2002 ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ547 መቀመጫ ያገኙት 1 ብቻ ነበር፤ በ2007 ደግሞ ምንም። እዚያ ምክር ቤት ውስጥ የዓለም ምርጥ ተከራካሪ ብትሆን ከማን ጋር ትከራከራለህ? ስለዚህ መጀመሪያ «ይጠቅማል» ያልኩት ግማሽ እውነት ነው። ክርክር ልጁን ያዘጋጀዋል፤ የሚጠብቀው ወንበር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ግባ እላለሁ። እናትህ ትቆጣኝ።

«ሕግ ላጥና ወይስ ፖለቲካል ሳይንስ?» ላልከው፣ ጠበቃ ስለሆንኩ ሕግ ብል አትታዘበኝ። የመረጥከውን አጥና፣ ግን ቁጥር አትፍራ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የበጀቱ ረቂቅ ከዚያ በፊት ምክር ቤት ይቀርባል። ዘንድሮ ሰነዱን ፈልገህ አግኝ፣ ለትምህርት የተመደበውን አይተህ ክበባችሁ ውስጥ አንዱን መስመር ለክርክር አቅርበው። ብዕርና ሰይፍን ለጊዜው ተዋቸው።