ወንድምሽ ጎንደር ከተመደበ

እህቴ፣ የ22 ዓመቱ ወንድምሽ ለወንጌል አገልግሎት ከሐዋሳ ወደ ጎንደር እንደተመደበ ጽፈሻል። እናትሽ እንቅልፍ አጥተዋል፤ አንቺም «ቀኑን በምን ያሳልፋል? ሰዉስ ይቀበለዋል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም በእሱ ዕድሜ ከሶዶ ተልኬ ጎንደር አገልግያለሁ። ሰው በጠየቀኝ ቁጥር የምለው አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ጎረቤት ይሁን፣ ስብከቱ ይደርሳል።

የሚቸገረው መጀመሪያ በቤት ነው። ደላላው ክፍሉን ያሳየዋል፣ አከራይዋ ግን ከኪራዩ በፊት ሃይማኖቱን ይጠይቁታል። ይናገር። ደብቆ ገብቶ እሁድ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ ይዞ ሲወጣ ከሚታይ፣ እዚያው በር ላይ እምቢ ቢባል ይሻለዋል። እኔን አንዳንዶቹ «ሰው ይዞታል» ብለው ሸኙኝ። ቀበሌ 18 አካባቢ ያገኘኋቸው እናት ግን ዓይን ዓይኔን እያዩ «ጴንጤ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ጮክ ብለህ ነው የምትጸልይ?»

«ቀስ ብዬም እችላለሁ።»

ሳቁ። «በጾም ሥጋ ግቢዬ እንዳታስገባ፣ ለቅሶ ሲኖር እንዳትቀር» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። በሥልጠና ላይ ከሰማሁት ሁሉ እንደዚህ አጭርና የሚጠቅም መመሪያ አላስታውስም።

ጾሙን ሳይወድ ይለምደዋል። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። በሁዳዴ ምግብ ቤት ገብቶ የሚያገኘው ሽሮና በያይነቱ ነው። ለኪሱም አይከፋም፣ የሚላክለት ድጋፍ መቼም ይታወቃል። ጠላ ሲቀርብለት ደግሞ ፊቱን እንዳያጨማድድ። ቤት ያፈራውን መናቅ ይመስላል። «ብርዝ ካለ ይስጡኝ፣ ከሌለም ውኃ» ካለ ማንም አይቀየመውም።

ውሎው እንግዲህ ጠዋት ጸሎትና ንባብ ነው፣ ከዚያ ውኃ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላደገ ልጅ ይሄ ትንሽ ይከብደዋል። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የአንገረብ ግድብ ለከተማው ሕዝብ አልበቃም። እኔ በነበርኩበት ሰፈር ቧንቧው ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ሌሊት ስለነበር ባትሪ ይዤ እነሳ ነበር፣ የእማማን በርሜል ሞልቼ ነው የራሴን ጀሪካን የምደቅን። ከሰፈሩ ሰው ጋር የተዋወቅሁትም እዚያው ቧንቧ ዙሪያ ነው፣ ጋቢያችንን ተከናንበን ተራ ስንጠብቅ። ሰው በዚያ ሰዓት ያወራል። የማን ልጅ አረብ አገር እንደሄደች፣ ማን ሆስፒታል እንደገባ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ። ሲነጋ የታመመውን ሄደሽ ትጠይቂያለሽ፣ በቃ፣ የሰፈሩ ሰው ሆንሽ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ የዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ አካባቢ ከተማሪዎች ጋር ይገናኛል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ኮሌጅነት የተጀመረ አንጋፋ ነው፣ ከየአቅጣጫው ልጆች ይመጣሉ፣ ሲዳምኛ የሚያወራውም አያጣም። ናፍቆቱን እዚያ ያራግፍ። ግን አደራ፣ እዚያው ተሸሽጎ እንዳይቀር! አመሻሽ ላይ ገብቶ ጠዋት ውልቅ የሚል አገልጋይ ለሰፈሩ አልጋ ተከራይ ነው።

ስለ ክርክር ትንሽ ልበል። ይሄ ከተማ «ሚሲዮን» ሲባል የሚያስታውሰው ነገር አለ። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው፣ አገር ተላልቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑን፣ ማለትም የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን፣ ያባረሩት እኚሁ አፄ ፋሲል ናቸው፣ ከ1636 ጀምሮ ጎንደርን መናገሻ ያደረጉትም እሳቸው። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ጠጅ ቢጤ ቀምሰው «እናንተን እኮ ፋሲል አባሯችኋል» ቢሉት አይደንግጥ። እኔንም ብለውኛል። እኛ ከእነዚያ እንለያለን ብሎ የታሪክ ትምህርት ውስጥ ቢገባ ይሸነፋል፣ ጎንደሬ በነገር አይቻልም። ስቆ «ታዲያ እኔን ለምን ተዉኝ?» ይበላቸው።

ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ቤቱን ዘግቶ እንዳይቀመጥ። ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ከተማው በሰው ይሞላል፣ የአከራይዋም ቤት ከገጠር በሚመጣ ዘመድ ይጨናነቃል። ወንበር ያቀብል፣ እንጨት ይፍለጥ፣ ክፍሉን ለእንግዳ ይልቀቅ። እምነቱን የሚያስክደው ነገር የለም። በዚህ የማይስማሙ ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ፣ የእኔ ሐሳብ ግን ይሄው ነው።

እኔን ከሁሉ የከበደኝ የሰዉ ነገር እንዳይመስልሽ። ሪፖርቱ ነው። ላኪዎቼ በየወሩ «ለስንት ሰው መሰከርህ? ስንት ሰው ጌታን ተቀበለ?» የሚል ቅጽ ይልካሉ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ሲቀመጡ መዋል የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ወጣቱ ታዲያ ቁጥር ፍለጋ መንገድ ለመንገድ ትራክት፣ የስብከት ወረቀት፣ ሲበትን ከሰፈሩ ይጣላል፣ ወይ ደግሞ እንደማይረባ ይሰማውና ክፍሉን ዘግቶ ይተኛል። እናንተ ስትደውሉ «ስንት ሰው አገኘህ» አትበሉት። ምን በላህ፣ ማን ቤት ቡና ጠጣህ በሉት።

እናትሽን በተመለከተ፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ነበር። ቴሌግራም ላይ ካልታየ ክፉ ነገር ደረሰበት ማለት አይደለም። ቤት ሲያገኝ የአከራይዋን ስልክ ይላክላችሁና እናትሽ ራሳቸው ይደውሉላቸው። የእኔ እናት አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፣ ከእማማ ጋር ግን እኔን እስክትረሳኝ ድረስ ያወሩ ነበር። በመኪና ከመነሳቱ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ እዚያ ያለ ሰው ይጠይቅ፤ ገንዘብ ከተገኘ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ አዘዞ ያርፋል።

ክረምት ላይ የሚገባ ከሆነ ወፍራም ጃኬትና ቦት ጫማ ይያዝ። የሲዳማ ቡናም ጨምሩለት፣ ለአከራይዋ። የቀረ ጥያቄ ካለሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ማታ ማታ አያለሁ።