ከሐይቅ ዳር ለጻፍሽልኝ እኅቴ

በኬሚስትሪ ተመርቀሽ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ባለ ሪዞርት የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ ሆነሻል። በደመወዝሽ ላይ ጉርሻ አለ፤ ምግብና መኝታ ነፃ ነው፤ መስኮትሽን ስትከፍቺ ሐይቁ ይታይሻል። «ሁሉ ሞልቶልኝ ለምን ባዶነት ይሰማኛል? ውለታ ቢስ ሆኜ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል።

አይደለሽም። ብዙ ወጣቶች ይህን ስሜት እያፈሩበት ዓመታት ያሳልፋሉ፤ ይህ ያንገበግበኛል። ሰው ምቾትን ይለምዳል። ብሪክማንና ካምፕቤል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳስረዱት፣ ኑሮ ሲሻሻል የምንጠብቀውም አብሮ ከፍ ይላል፤ ደስታችንም ወደ ነበረበት ይመለሳል። እንግዶችሽ በሐይቁ የሚደሰቱት እሑድ ማታ ወደ አዲስ አበባ ስለሚመለሱ ነው። አንቺ ግን እዚያው ነሽ። ዱባይ ሆቴል መቀጠር ያልሽውም መልክዓ ምድሩን ይቀይርልሻል፣ ጥያቄሽን ግን ይዘሽው ትሄጃለሽ።

ስለ ሪዞርቱ ሦስት ገጽ ጽፈሽ የአንድ እንግዳ ነገር እንኳ አላነሣሽም። ከፈረቃ በኋላ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስለምታስጠኛት የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ግን፣ የሞል ስሌት የገባት ቀን ምን እንዳለች ሳይቀር ነግረሽኛል። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት መምህር ነበርሁ፤ ያንን ደስታ አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው በአንቺ ምክንያት ሲያድግ ማየት በየቀኑ አዲስ ነው፤ አይለመድም።

ወንድምሽ «እንጀራሽን አትርገጪ» ብሏል። የእናትሽ ኪራይና መድኃኒት ግዴታሽ ነው፣ አይነካ። የወንድምሽ የመኪና ብድር ግን የእሱ ዕዳ ነው፤ አንቺ እስከ መቼ ትከፍይለታለሽ? ወደ ማስተማር ብትዞሪ የመምህር ደመወዝ አሁን ከምታገኚው ያንሳል፣ አልደብቅሽም። ልዩነቱን በወረቀት አስልተሽ ከቤተሰብሽ ጋር ተቀመጪ፤ እኔ እንደማየው መጀመሪያ የሚቀነሰው ያ ብድር ነው።

ዕድሜሽ 29 ነው፣ አልረፈደም። ያሰብሽው የሆቴል አስተዳደር ማስተርስ ይቆይ።

ሥራሽን ዛሬ አትልቀቂ። ለአንድ ሴሚስተር በዕረፍት ቀንሽ ለአምስት ስድስት ተማሪዎች አስጠኚ፤ ጎበዞቹን ብቻ አትምረጪ፣ ኬሚስትሪ ያስጠላቸውንም ጨምሪ። ከዚያም ልብሽ ከማስተማሩ ካልተመለሰ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላላቸው ስለሚሰጠው የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ በአቅራቢያሽ ካለ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ጠይቂ። የወጪ መጋራት ክፍያሽን ካልጨረስሽ ግን ከአሁኑ መክፈል ጀምሪ፤ የትምህርት ማስረጃሽን ለማውጣት ያስፈልግሻል።