ከባዱን ሥራ ውሰዱ፦ ለዲዛይን ተማሪዎች

ሰላም ልጆች፣

ግራፊክ ዲዛይን ላይ ፀጉሬ ሸብቷል። አልፎ አልፎ የተማሪዎችን የመመረቂያ ሥራ እንድገመግም እጠራለሁ። ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራ ስብስባቸውን፣ ስገልጥ የማገኘው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው። ለታዋቂ የውጭ ኩባንያ የተሠራ "አዲስ" ሎጎ፣ ስም ብቻ ያለው ካፌ፣ ከኢንተርኔት የወረደ ሞክአፕ (ዲዛይኑን እውነተኛ ዕቃ ላይ የታተመ የሚያስመስል ምስል)። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ማንም አላዘዘውም፣ አልታተመም፣ አልተሸጠም። ስለዚህ "ይሄ አይሆንም" ያለውም የለም። እኔ ደግሞ ተማሪ የሚያድገው ሥራው እምቢ ሲለው ነው ባይ ነኝ።

አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሰፈሯ ያሉ ሴቶች ተደራጅተው ለሚያዘጋጁት ሽሮ ማሸጊያ ልትሠራ ተስማማች። ጓደኞቿ ሳቁባት፤ እነሱ የስፖርት ጫማ ይዘው ነበራ። የሴቶቹ አቅም ለአንድ ቀለም ብቻ ነው። ላስቲክ ላይ የሚታተመው ደግሞ እንደ ማኅተም በጎማ ፕሌት ነው። የመጀመሪያው ዲዛይኗ ኮምፒውተር ላይ ግሩም ነበር፦ ጠቆር ባለ ቀይ መደብ ላይ ቀጫጭን ነጭ ፊደሎች። ናሙናው ታትሞ ሲወጣ ግን ቀለሙ ወደ ነጩ ገባ። የ"ሽ" አናት ላይ ያለችው ሰረዝ ተዋጠች። "ሽሮ" የነበረው "ስሮ" ሆኖ ቁጭ አለ።

ማሽኒስቱ "እህቴ፣ ፊደልሽ ቀጥኗል" ብቻ ነው ያላት። ይህን ከእኛ ከገምጋሚዎቹ ብትሰማው ትከራከር ነበር። ከማሽን ጋር ግን ክርክር የለም።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነው የወደድኩላት። ሌላ ፎንት ፍለጋ አልሄደችም። እርሳስ አንስታ ለማሸጊያው የሚያስፈልጓትን ፊደሎች ብቻ ራሷ ሳለች። ስትስል ነው ፊደላችንን ማየት የጀመረችው። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ዘ እና ዠ የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለች ሰረዝ ነው። ሰረዟ ከጠፋች ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። ሳ ቀኝ እግሯ ይረዝማል፣ ሶ ደግሞ ግራው። ልዩነቱን በደንብ ካላጎላችሁት በትንሽ መጠን ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። የሌ እግር ላይ ያለችው ቀለበት መሃሏ ከተደፈነ ነጠብጣብ ትሆናለች። ልጅቷ ሰረዙን አወፈረች፣ ቀለበቱን ከፈተች፣ መደቡን ገልብጣ በነጭ ላይ ቀይ አደረገችው። ለሁለተኛው ናሙና ማሽኒስቱ ምንም አላላትም። የዚያን ሰው ዝምታ እንደ ሙሉ ማርክ ቁጠሩት።

ሱቅ ሄዳ ደግሞ ሌላ ነገር አየች። ባለ ሱቁ ሽሮውን አያቆመውም፤ አስተኝቶ ይደራርበዋል። ስሙ የተጻፈው መሃል ላይ ስለነበር ከላይኛው በቀር የአንዱም አይታይም። ስሙን ወደ ጠርዙ አወረደችው። ይህን የትኛው መጽሐፍ ይነግራችኋል?

ፊደል ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ላውራ። የእኛ ፊደል 33 ቤት በ7፣ ማለትም 231 ነው፤ ዲቃሎቹንና ቁጥሮቹን ሳንጨምር። ይህን ሁሉ በጥቂት ቁልፎች ላይ ለማስፈር በታይፕ ዘመን ኢንጂነር አያና ብሩ ብዙ ደክመዋል። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚሠሩት። ዛሬም ደንበኛ የቆየ ፋይል ልኮላችሁ የማይገባ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደሎች ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። እና ብዙ ያልተሠራ ሥራ አለ ማለቴ ነው። ጥሩ ወፍራም የአማርኛ ፎንት ስትፈልጉ ስንቱን አገኛችሁ? ሶፍትዌሩ ወፍራም ፎንት ሳይኖረው ቀጭኑን በግድ "ቦልድ" ሲያደርገው ቀለበቶቹ ሲደፈኑስ አይታችኋል? ለላቲን የተዘጋጀ ቴምፕሌት ላይ አማርኛ ስትገለብጡ መስመሮቹ የሚተፋፈጉትም ያለ ነገር አይደለም። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ አይለይም፤ አብዛኛው የመስመሩን ቁመት ይሞላል። በመስመሮች መሃል ሰፋ ያለ ቦታ ስጡት።

የመመረቂያ ርዕስ ለቸገረው ሰው እነሆ። አንድ ሙሉ ፎንት አልልም፤ እሱ የዓመታት ሥራ ነው። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የሚለጠፍ፣ አያታችሁ ያለ መነጽር የምታነበው የአማርኛ ጽሑፍ ሥሩ። ከዚያ አያታችሁን አስነብቧት። ስታነብ "አየሽ፣ ይሄ ማለት..." እያላችሁ አታግዟት። ዝም በሉ። የምትደናቀፍበትን ቃል ጻፉ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ "አለ" የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የገባችሁም፣ በአጭር ኮርስ ፎቶሾፕ የተማራችሁም፣ ማተሚያ ቤት ሄዳችሁ አንድ ሙሉ ቀን ቁሙ። ሻይ ጋብዙ፣ ጠይቁ። ወረቀቱ ስንት ግራም ነው? ጥቁሩ ለምን ግራጫ መሰለ? በስክሪን ያየነው ሰማያዊ የት ሄደ? ሠራተኞቹ መጀመሪያ ላይ ፊት ላይሰጧችሁ ይችላሉ። ሥራ ስለሚበዛባቸው ነው፣ አትቀየሙ።

አንድ ነገር ግን እንዳታምታቱ። ከባድ ሥራ ማለት የሚበዘብዝ ደንበኛ ማለት አይደለም። "ለልምድ ነው፣ በነፃ ሥሪልኝ፣ ሌላ ሰው አመጣልሻለሁ" የሚል ሰው ሌላ ሰው ሲያመጣ አላየሁም። ቢመጣም በነፃ ነው የሚመጣው። ቀብድ ተቀበሉ፣ ስንት ጊዜ እንደምታሻሽሉ አስቀድማችሁ ጻፉ። ሽሮ አዘጋጆቹ እንኳ ካላቸው ላይ ቀንሰው ለልጅቷ ከፍለዋል።

ኤአይ ሥራችንን ይወስድ ይሆን ወይ እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ፖስተር ያወጣል፣ ቆንጆ ነው። አማርኛ ጻፍ ስትሉት ግን ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል ነገር ይሠራል። ይህም አንድ ቀን ይስተካከላል። ሽሮው ሱቅ ውስጥ ተኝቶ እንደሚደራረብ የሚያውቀው ግን ሱቅ የሄደ ሰው ነው።

ፖርትፎሊዮ ስታዘጋጁ ያንን "ስሮ" የሚል ናሙና አትጣሉት። ከመጨረሻው ሥራ አጠገብ አስቀምጡት። በመሃል ያደረጋችሁትንም በሁለት መስመር ጻፉ። እኔ ስቀጥር ቶሎ የምገልጠው ገጽ እሱ ነው፤ ቃለ መጠይቁም ከዚያ ይጀምራል።