ሞጁሉ ራውተሩ ውስጥ ቢሰካም ሌላ ስዊች ነው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን እንደገባኝ፦ ሲስኮ 2911 ራውተር ላይ የኢተርስዊች ሞጁል (ራውተሩ ውስጥ የሚሰካ ስዊች) ሰክተሃል። ሞጁሉ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ራውተሩም ሞጁሉን ፒንግ ሲያደርግ (አለህ ወይ ብሎ ሲጠይቅ) መልስ ያገኛል፤ ኮምፒውተሮቹ ግን ኢንተርኔት አይወጡም። እኔም እዚሁ ጋ ሁለት ቀን ተቃጥያለሁ።

መጀመሪያ ሞጁሉን የራውተሩ አካል አድርገህ ማየቱን ተው። የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ አይኦኤስ (የሲስኮ ኦፕሬቲንግ ሲስተም)፣ የራሱ ኮንፊግ አለው። በመሃላቸው በዓይን የማይታይ የጂጋቢት ኬብል አለ በል። ሞጁሉ ስሎት 1 ላይ ከሆነ የኬብሉ አንዱ ጫፍ ራውተሩ ላይ ጂጋቢት 1/0 ነው። የስዊቹ ጫፍ ቁጥር እንደ ሞጁሉ ዓይነት ይለያያል፤ ስዊቹ ውስጥ ገብተህ ሾው ሲዲፒ ኔበርስ ብትል ራውተሩ በየት ፖርት እንደመጣ ታያለህ።

ለመግባት ራውተሩ ላይ ሰርቪስ ሞጁል ጂጋቢት 1/0 ሴሽን ትላለህ። ኢንተርፌሱ አይፒ ከሌለው ወይም ሻት (የተዘጋ) ከሆነ አያስገባህም። ለመውጣት ኮንትሮል፣ ሺፍትና 6 አንድ ላይ ተጫን፣ ለቀቅ አድርገህ ኤክስ። እኔ ይሄን ሳላውቅ ስንቴ ፑቲ የሚባለውን የመግቢያ ፕሮግራም ዘግቼ እንደገና እንደጀመርኩ አትጠይቀኝ።

አሁን ወደ ዋናው። የኮምፒውተሮቹ ጌትዌይ (ከኔትዎርካቸው መውጫ በር) 192.168.20.1 ሞጁሉ ላይ ነው፣ በሞጁሉና በራውተሩ መሃል ደግሞ 10.10.10.2 እና 10.10.10.1 ናቸው ብለሃል። ስለዚህ ራውቲንጉን (ከአንዱ ኔትዎርክ ወደ ሌላው ማሳለፉን) የሚሠራው ሞጁሉ መሆን አለበት። አይፒ ራውቲንግ ተከፍቷል? ካልተከፈተ አይፒ ዲፎልት ጌትዌይ ብለህ የሞላኸው ለስዊቹ ለራሱ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሮቹን አይረዳም። ከተከፈተ ደግሞ ያው መስመር ዋጋ የለውም፣ ወደ 10.10.10.1 የሚያመለክት ዲፎልት ራውት (የተለየ መንገድ ለሌለው ሁሉ የሚያገለግል) በአይፒ ራውት ትእዛዝ መጻፍ ይኖርብሃል። ብዙ ሰው አንዱን ጽፎ ሌላውን ይጠብቃል።

እኔን ሁለት ቀን የበላኝ ግን የመመለሻው መንገድ ነው። ከራውተሩ ፒንግ ያደረግከው 10.10.10.2ን ነው አይደል? እሱማ ጎረቤቱ ነው፣ ለምን አይመልስም! 192.168.20.1ን ሞክረው። ካልመለሰ ራውተሩ ያ ኔትዎርክ የት እንዳለ አያውቅም ማለት ነው፤ ከኢንተርኔት የመጣውን መልስ ተቀብሎ፣ ለ192.168.20.0 የተለየ ራውት ስለሌለው፣ በዲፎልት ራውቱ መልሶ ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ራውተሩ ላይ ለ192.168.20.0 በ10.10.10.2 በኩል ስታቲክ ራውት (በእጅ የሚጻፍ መንገድ) ጨምር። ሞጁሉ ላይም ፒንግ ስታደርግ ሶርስ ቪላን 20 በልበት (ቪላን ስዊች ላይ ተለይቶ የተከፈለ ኔትዎርክ ነው፤ 20 የኮምፒውተሮቹ ከሆነ)፣ አለበለዚያ ላኪው 10.10.10.2 ሆኖ ይወጣና ሁሉም ደህና ይመስልሃል።

ይሄም ሆኖ ካልወጣ ናቱን (የውስጡን አይፒ ወደ ፐብሊክ አይፒ የሚቀይረውን) እይ። ጂጋቢት 1/0 ላይ አይፒ ናት ኢንሳይድ አለ? የናቱ አክሰስ ሊስት (የሚቀየሩት ኔትዎርኮች ዝርዝር) 192.168.20.0ን ያካትታል? አብዛኛውን ጊዜ የድሮው ኔትዎርክ ብቻ ነው እዚያ ተጽፎ የሚገኘው።

ራውቲንጉን ራውተሩ ይሥራው ካልክም ይቻላል። ጂጋቢት 1/0 ላይ ለየቪላኑ ሰብኢንተርፌስ (የአንዱ ኢንተርፌስ ክፋይ) ትከፍታለህ፣ የስዊቹን ጫፍ ትራንክ (ብዙ ቪላን የሚያሳልፍ) ታደርጋለህ፣ ኔቲቭ ቪላኑ (ያለ ቪላን ምልክት የሚያልፈው) በሁለቱም በኩል አንድ መሆኑን ታያለህ። ያኔ ግን 192.168.20.1ን ከሞጁሉ ላይ አንሳው፤ ሁለቱም ጋ ካለ ይጋጫል። በበኩሌ ትንሽ ቢሮ ከሆነ ይሄኛው ይቀለኛል፣ ራውቱም ናቱም አንድ ቦታ ይሆናል።

በነገራችን ላይ የሰካኸው ባለ 4 ፖርቷ ትንሽ ካርድ ከሆነች ስለ ሴሽን ያልኩት አይሠራም። እሷ የራሷ አይኦኤስ የላትም፣ ቪላኑንም አይፒውንም ራውተሩ ላይ ነው የምትጽፈው።

ደግሞ ራይት ሜሞሪ ሁለቱም ላይ በል። እኔ አንድ ቅርንጫፍ ቢሮ ውስጥ ራውተሩን ብቻ ሴቭ አድርጌ ሄጄ፣ ማታ መብራት ጠፋ፣ ጠዋት ስዊቹ ባዶውን ተነሳ። ስልኬ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አላረፈም።

ሞክረህ እምቢ ካለ የሁለቱንም ሾው አይፒ ራውት ለጥፍልን። ፐብሊክ አይፒህንና ፓስወርዱን ግን ሰርዘው።