የቤንዚኑን ማን ከፈለ?

ልጆቼ፣

30 ዓመት በሒሳብ ሥራ የኖረ ሰው ታሪክ ሲያነብም ዓይኑ የሚሮጠው ወደ ገንዘቡ ነው። የሞንትጎመሪን የአውቶቡስ አድማ ሳነብ እንዲሁ ሆንኩ።

እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1955 ጀምሮ የአላባማዋ ሞንትጎመሪ ጥቁሮች፣ አውቶቡስ ውስጥ ከነጮች ተለይተው እንዲቀመጡ መገደዳቸውን ተቃውመው፣ ለ381 ቀናት አውቶቡስ አንሳፈርም አሉ። የአድማውን መሪ የማርቲን ሉተር ኪንግን ንግግር የማያውቅ የለም። ግን ያ ሁሉ ሠራተኛ በየጠዋቱ ሥራው የደረሰው በንግግር አይደለም። በእግሩ ሄደ፣ ወይም አብያተ ክርስቲያናት ባሰማሯቸው መኪኖች ተሳፈረ። መኪና ደግሞ ቤንዚን ይጠጣል፣ ኢንሹራንስ ይፈልጋል። ማን ከፈለ?

ከከፈሉት አንዷ ጆርጂያ ጊልሞር ናት፤ ወጥ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የልጆች እናት። ሆልት ስትሪት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ለተሰበሰበው ሕዝብ የዶሮ ጥብስ ሳንድዊች ሸጠች። ከዚያ ሌሎች ሴቶችን አሰባሰበች። ኬክ እየጋገሩ በየፀጉር ቤቱና በየታክሲ ማቆሚያው ሸጡ። ብዙዎቹ የነጮች ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ከታወቀ እንጀራቸው ይቋረጣል። ስለዚህ ማን እንደጋገረ፣ ማን እንደገዛ የምታውቀው ጊልሞር ብቻ ነበረች። ነጮችም ይገዙ ነበር። ገንዘቡ ከየት መጣ? «ከየትም አልመጣ።» የማኅበሩም ስም ይኸው ሆነ፤ «ከየትም ያልመጣ ክበብ»።

እሷ ራሷ ግን አልተደበቀችም። በ1956 ኪንግ በአድማው ምክንያት ሲከሰስ ፍርድ ቤት ቆማ ከአድማው በፊት አውቶቡስ ላይ የደረሰባትን መሰከረች። የአውቶቡሱ ሹፌር ሒሳቡን ተቀብሎ «ውረጂና በኋላ በር ግቢ» አላት፤ ስትወርድ ጥሏት ሄደ። በምስክርነቷ ከሥራ ተባረረች። ኪንግ ቤትሽ ውስጥ ሥሪ ብሎ አገዛት፤ ቤቷ ምግብ ቤት ሆነ።

ይህን ሳነብ የራሴ ጥፋት ትዝ አለኝ። በወጣትነቴ እዚህ አሜሪካ የአንድ ቤተ ክርስቲያናችን ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። እናቶች ቅዳሜ ሌሊቱን እንጀራ ሲጋግሩ ያድሩና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሸጣሉ። የአዳራሹ ኪራይ የሚከፈለው ከዚያ ነው። እኔ ግን በዓመቱ ሪፖርት ላይ «ልዩ ልዩ ገቢ» ብዬ አለፍኩት። አንዲት እናት ሪፖርቱን አስነብባ ሰማችና «ልጄ፣ ይቺ ልዩ ልዩ የምትባለው ማናት?» አለችኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የሞንትጎመሪዎቹ ስም የተደበቀው እንዳይጎዱ ነው። የእኛዎቹን የደበቅኋቸው እኔ ነኝ፣ ያለ ምክንያት።

እንግዲህ ማኅበር ስታቋቁሙ ገንዘቡን በማን በማን እጅ እንደመጣ ጻፉ። ስሟ ይደበቅ የምትል ካለች ራሷ ትበል፤ እናንተ አትወስኑላት። ምስጋና ብቻም አይበቃም። ገንዘቡን ያመጣችው ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል ሲባል ወንበር ይኑራት። እኛ ጋ እናቶች ስብሰባው ሲካሄድ ሳህን ያጥቡ ነበር።

ጊልሞር ያረፈችው በ1990 ነው። ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸውን ለመጠየቅ ከሰልማ ከተማ እስከ ሞንትጎመሪ ያደረጉት ሰልፍ 25ኛ ዓመት ሲታሰብ ለሚመጡት ዶሮና ማካሮኒ እያዘጋጀች ነበር። ቤተሰቧ ያንኑ ምግብ ለለቀስተኛው አቀረበ።