መልስ፦ በሃሎጅን ፓውዛ ላይ ዜኖን መግጠም

ወንድሜ፣ «የመኪናዬ የፊት መብራት ደካማ ነው፤ የኤች 7 ሃሎጅን አምፖሉን አውጥቼ የ35 ዋት ዜኖን ኪት ብገጥምስ?» ላልከው፣ እባክህ አትግጠም። አምፖሉ ቀዳዳው ውስጥ ልክክ ብሎ መግባቱ አያታልልህ። የፓውዛህ አንጸባራቂ የተሠራው አምፖሉ ውስጥ ግላ ለምታበራ አንዲት ቀጭን ክር ነው፤ ክሯ 1 ሚሊ ሜትር ከቦታዋ ብትዛነፍ እንኳ የብርሃኑ ቅርጽ ይበላሻል። ዜኖን ደግሞ ክር የለውም፤ ብርሃኑ የሚወጣው በጋዝ ውስጥ ከሚፈጠር ጎበጥ ያለ የኤሌክትሪክ ቅስት ነው። የብርሃኑ መጠንም ከሃሎጅኑ 1,500 ሉመን (የብርሃን መለኪያ) እጥፍ አልፎ ወደ 3,200 ይጠጋል። ትርፉ የሚሄደው ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ውስጥ ነው። ፓውዛውን ወደ ታች ብታዘነብለው የአንተ እይታ ያጥራል እንጂ የተበተነው ብርሃን አይሰበሰብም።

ይልቅ ቮልቴጁን ለካ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ ባትሪው ላይ 14 ቮልት እያለ አምፖሉ ሶኬት ላይ 12.5 ብቻ ካገኘህ ጥፋቱ የሽቦው ነው። ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል! ከባትሪው እስከ አምፖሉ ሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በ20 አምፔር ፊውዝና በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) አድርገህ ሳብ፤ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። የኔጌቲቩን ማሰሪያ ዝገት ፍቀህ አጥብቅ። የፓውዛው ፕላስቲክ ቢጫ ከሆነ በ1000፣ ቀጥሎ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከውሃ ጋር አሽተህ ፖሊሽ አድርገው፤ የፀሐይ መከላከያ ቫርኒሽ ካልቀባኸው ግን ተመልሶ ይቢጫል።

በመጨረሻ የመብራቱን አቅጣጫ ለማስተካከል መኪናውን ከግድግዳ 10 ሜትር አርቀህ አቁም። ፓውዛው ላይ 1% (በየ1 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ) ተብሎ ከተጻፈ፣ የአጭር መብራቱ የላይ ጠርዝ ከፓውዛው መሃል ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት።